«አንዋይዝሊ» ስለሚባለው የእንግሊዝኛ ቃል

ልጆች ሆይ፤ ቃልን መማር ፍቺውን በቃል መያዝ ብቻ አይደለም፤ ቃሉ በምን ላይ እንደሚወድቅ ማወቅ ደግሞ ያስፈልጋል። እንግሊዞች ሰው ሳያመዛዝን አንድ ነገር ሲያደርግ «አንዋይዝሊ» አደረገ ይላሉ። ይህ ቃል በሰዋስው ተውሳከ ግስ ይባላል፤ ይኸውም በግስ ላይ እየተጨመረ ሥራው እንዴት እንደ ተሠራ የሚናገር ነው።

ቃሉ ሦስት ክፍል አለው። መጀመሪያው «አን» አፍራሽ ነው። ሁለተኛው «ዋይዝ» ጥበበኛ፣ አስተዋይ ማለት ነው። ሦስተኛው «ሊ» ቅጽሉን ወደ ተውሳከ ግስ የሚመልስ ነው። ሦስቱ ሲጋጠሙ አለ ጥበብ፣ ባለማስተዋል ማለት ይሆናል። የቋንቋ ሊቃውንት የ«ዋይዝ»ን ሥር ሲመረምሩ ማየትና ማወቅ ከሚል የጥንት ቃል የወጣ መሆኑን ያስረዳሉ። ከሮማይስጥ የመጣው ባልንጀራው «ኢምፕሩደንትሊ» ደግሞ አስቀድሞ ሳያዩ ማለት ነው። እኛም ብልህን ሰው አርቆ አስተዋይ እንለዋለን። እንግዲህ የሁሉም ምስጢር አንድ ነው፤ ጥበብ የሥራን ፍጻሜ ከመጀመሪያው ማየት ነው።

ቃሉን ስንተረጉም ግን ጥንቃቄ ይገባል። በቀድሞ መጻሕፍት ሰነፍ ማለት ልብ የሌለው ማለት ነው። በወንጌል አምስቱ ደናግል ሰነፎች የተባሉት የሚመጣውን አስበው ዘይት ስላልያዙ ነው እንጂ ሥራ ስለ ጠሉ አይደለም። ዛሬ ግን ሰነፍ ሲባል ሰሚው ሥራ የሚጠላውን ሰው ያስባል። ስለዚህ «አንዋይዝሊ»ን «በስንፍና» ከማለት «ባለማስተዋል» ማለት ይሻላል።

የቃሉ ስፍራም ትርጓሜውን ይለውጣል። «ሂ አንዋይዝሊ ስፖክ» ቢሉ መናገሩ ራሱ ጥፋት ነበረ፣ ዝም ቢል ይሻለው ነበር ማለት ነው። «ሂ ስፖክ አንዋይዝሊ» ቢሉ ግን ብዙ ጊዜ የሚነቀፈው አነጋገሩ ነው፤ መናገሩስ ተገቢ ሊሆን ይችላል። ሰውን ስንወቅስም እንዲሁ የተሳሳተው ሥራው ነው ወይስ አሠራሩ ብለን ልንለይ ይገባናል።

ከሁሉ የሚበልጠው ቁም ነገር ግን ይህ ነው፤ ቅጽል በሰው ላይ ይወድቃል፣ ተውሳከ ግስ ግን በሥራው ላይ ይወድቃል። ለዚህ ምስክር የሚሆን እንግሊዛዊው ሊቅ አይዛክ ኒውተን ነው። ይህ ሰው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1687 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ የስበትን ሕግ የገለጠ ነው። በ1720 ዓ.ም. የደቡብ ባሕር ኩባንያ የሚባለው የንግድ ማኅበር አክሲዮን በሎንዶን ከፍ ከፍ አለ፤ በጥር ወር 128 ፓውንድ ገደማ የነበረው በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ 1000 ፓውንድ ተጠጋ። ኒውተን አስቀድሞ ሸጦ አትርፎ ነበረ፤ ዋጋው ሲወጣ ግን እንደ ገና በውድ ገዛ። ዓመቱ ሳያልቅ ዋጋው ወደቀ፤ እርሱም ብዙ ሺህ ፓውንድ ከሰረ። እንግዲህ ኒውተን ሞኝ ነበረ ብንል ውሸት ነው፤ ባለማስተዋል ገዛ ብንል ግን እውነት ነው። ሊቅነት ሰውን ካለማስተዋል ሁሉ አያድነውም፤ አንድ ያልታሰበበት ሥራም ሊቅነቱን አይሽርበትም።

ስለዚህ ወንድምህ የተሰጠውን ገንዘብ በከንቱ ቢያጠፋ ደንቆሮ ብለህ አትጥራው፤ ይህን ያደረግኸው ባለማስተዋል ነው በለው። ደንቆሮ የተባለ ሰው ስሙን ተሸክሞ ይቀራል፤ ሥራው የተነቀፈበት ግን ሥራውን ትቶ ሌላ ሊሠራ ይችላል። ለራስህም ይህን ቃል ከሥራ በኋላ ለጸጸት አታስቀምጠው፤ ገንዘብ ከመስጠትህ፣ ቃል ከመግባትህ፣ በቍጣ ከመመለስህ በፊት «ይህ ባለማስተዋል አይሆንብኝምን?» ብለህ ጠይቅ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላልና፤ የፈሰሰውም ሁሉ አይለቀምም።