ሜዳሊያ ያላመጡት አሥራ ሁለቱ

በያቤሎም ሆነ በነገሌ ቦረና በትምህርት ቤት ሜዳ ላይ የሚሯሯጡትን ልጆች ጠርቶ «አበበ ቢቂላ ማን ነው?» ብሎ ለጠየቀ ሰው መልሱ ባንድ አፍ ይመጣለታል። «በሻዬ ፈለቀስ?» ያለ እንደሆነ ግን ልጆቹ እርስ በርሳቸው ይተያያሉ። በየመሥሪያ ቤቱ ያለነውም ብንሆን ከልጆቹ ብዙ የምንሻል አይመስለንም። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን አንባቢን ከመጀመሪያዎቹ የኢትዮጵያ ኦሊምፒክ ተወዳዳሪዎች ጋር ለማስተዋወቅ እንወዳለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። በኅዳር ወር 1949 ዓ.ም.፣ ማለት በአውሮፓ አቆጣጠር በ1956፣ አሥራ ሁለት ኢትዮጵያውያን ስፖርተኞች ሰንደቅ ዓላማቸውን ይዘው በአውስትራሊያ ወደ ሜልቦርን ሜዳ ገቡ። በዚያን ጊዜ የሚበዛው የአፍሪካ ክፍል ገና በቅኝ ግዛት ሥር ነበረ፤ ኬንያና ኡጋንዳም በዚያው ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ የቀረቡት የእንግሊዝ ግዛት ሆነው ነው። ከነጻዎቹ ጥቂት የአፍሪካ አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች።

ቡድኑ የተወዳደረው በሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም በሩጫና በብስክሌት። ንጉሤ ሮባ በ100 ሜትር፣ ማሞ ወልዴ በ800ና በ1,500 ሜትር ሮጠው ከማጣሪያው ሳያልፉ ቀሩ። ኅዳር 22 ቀን በተደረገው የማራቶን ሩጫ ፈረንሳዊው አለን ሚሙን በ2 ሰዓት ከ25 ደቂቃ አሸነፈ። በሻዬ ፈለቀ 29ኛ፣ ገብሬ ብርቄ ደግሞ 32ኛ ሆነው ገቡ። አሸናፊው ከደረሰ በኋላ እነርሱ ገና ግማሽ ሰዓት ያህል በመንገድ ላይ ነበሩ።

ከሁሉ የተሻለው ውጤት የተገኘው በብስክሌት ነው። ከ187 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነው ጉዞ ገረመው ደንቦባ 24ኛ ወጣ። የቡድን ደረጃ የሚሰጠው የሦስት ጋላቢዎች ውጤት ተደምሮ ስለ ነበረ፣ የጓደኞቹም ድካም ተቆጥሮ ኢትዮጵያ 9ኛ ሆነች። እንግዲህ በዚያን ጊዜ ውጤቱን አይቶ ትንቢት የሚናገር ሰው ቢገኝ ኖሮ «የዚህ አገር ዕድል በብስክሌት ነው» ማለቱ አይቀርም ነበር።

ነገር ግን አራት ዓመት አልፎ፣ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ ሕዝቡ የዘመን መለወጫን ዋዜማ ሲያከብር፣ አበበ ቢቂላ በሮም ጐዳና ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰኮንድ ፈጸመ። ያገሩ ልጅ አበበ ዋቅጅራም 7ኛ ሆነ። ከዚያ በኋላ ሜልቦርንን የሚያነሣ ሰው ጠፋ።

ይሁን እንጂ ከአሥራ ሁለቱ መካከል ሁለቱን ተከትለን እንሂድ። በሜልቦርን ማጣሪያውን ማለፍ ያቃተው ማሞ ወልዴ፣ ከ12 ዓመት በኋላ በ1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ በ10,000 ሜትር የብር ሜዳሊያ አገኘ፤ በሳምንቱም ጥቅምት 10 ቀን በማራቶን ወርቁን ወሰደ። ዕድሜው ያን ጊዜ 36 ዓመት ነበረ። ንጉሤ ሮባም አሠልጣኝ ሆነ፤ በ1972 ዓ.ም. ምሩጽ ይፍጠር በሞስኮ በ5,000ና በ10,000 ሜትር ሁለት ወርቅ ሲያገኝ ብሔራዊውን ቡድን የሚመራው እርሱ ነበረ።

ይህን ነገር ለቦረና ሰው ማስረዳት አያስቸግርም። ከያቤሎ ወደ ሞያሌ በሚወስደው መንገድ ዱብሉቅ ሲደርሱ ቱላ የሚባሉት ጥልቅ የውሃ ጉድጓዶች አሉ። በበጋ ወራት ወጣቶች በጉድጓዱ ውስጥ አንዱ ካንዱ በላይ ቆመው፣ እየዘፈኑ፣ ውሃውን ከእጅ ወደ እጅ ያቀባብሉታል። ለተመልካች የሚታየው በገንዳው ላይ የሚገለብጠው የመጨረሻው ሰው ነው። ከሥር በጭቃው ውስጥ ቆሞ የመጀመሪያውን ባልዲ የሚሞላውን ከላይ ያለ ሰው አያየውም። እርሱ ባይወርድ ግን ከብቶቹ ሳይጠጡ ይመለሱ ነበር።

እርግጥ ነው፤ ከታች የጀመረ ሁሉ ማሞን አይሆንም። በሩቅ አገር አዲስ ቢሮ እንዲከፍት የታዘዘ ወጣት ጸሐፊ፣ ወይም ከሠፈሩ መጀመሪያ ለፈተና የተቀመጠ ተማሪ፣ ፍሬውን የሚለቅመው ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል። በሻዬና ገብሬ የደረሰባቸው ይኸው ነው፤ ሜዳሊያም አላገኙም። ነገር ግን በዚያን ቀን ከተነሡት 46 ሯጮች ከአሥር የሚበልጡት በመንገድ ሲቀሩ፣ ሁለቱ ኢትዮጵያውያን የጀመሩትን 42 ኪሎ ሜትር ጨርሰው ገብተዋል።