መሳሪያው ያለው ወይስ ሙያው ያለው?

ከተለያየ ሰፈር የመጡ ሁለት ልጆች ገበጣ ሲጫወቱ ብዙም ሳይቆዩ ከአንዱ አፍ የምትወጣ ነገር አለች፤ «እኛ ሰፈር እንዲህ አይደለም»። ጉድጓዷ ስንት ጠጠር ሲሞላባት ትበላለች? ዙሩ በየት በኩል ነው? መልሱ ከአገር አገር ብቻ ሳይሆን ከቤት ቤትም ይለያያል። ሰኞ ማክሰኞም ያው ነው፤ መስመሩን በጣቷ ጫፍ የነካች ልጅ በአንዱ ግቢ «ተቃጥለሻል» ትባላለች፣ በሌላው ይታለፍላታል። የአገራችን ሰንጠረዥማ ይብሳል። «ወረራ» በሚባለው መጀመሪያው ላይ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠባበቁ ጠጠራቸውን እንዳሻቸው ያንቀሳቅሳሉ፤ አንድ ጠጠር እስኪበላ ድረስ። ለማያውቅ ሰው ሕግ የሌለው ይመስላል፤ ለሚያውቁት ግን ሕጉ ይኸው ነው።

እነዚህ ጨዋታዎች ጠብ የሚበዛባቸው የተጻፈ ሕግ ስለሌላቸው ነው እንል ይሆናል። ዘንድሮ ክረምት እዚህ ሐዋሳ ቤቴ የገባው ጨዋታ ግን ወፍራም መጽሐፍ አለው። ጠቡ ግን አልቀረም።

ልጄ ከአሜሪካ ልጆቿን ይዛ ለሦስት ሳምንት መጥታ ነበር። የ14 ዓመቷ የልጅ ልጄ ሻንጣዋ ውስጥ «ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» የሚባለውን ጨዋታ ይዛ መጣች። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1974 ያወጡት ነው። ሰሌዳ የግድ አያስፈልገውም። አንዱ ልጅ መሪ ሆኖ ተረቱን ያወራል፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ሰው ሆነው «እንዲህ አደርጋለሁ» ይላሉ። ነገሩ ይሳካ አይሳካ አጠራጣሪ ሲሆን ባለ 20 ገጽ ዳይስ ይጣላል፤ ልጁ የሆነው ሰው የሚያውቀው ሙያ ካለ በወጣው ቁጥር ላይ ነጥብ ይጨመርለታል። ከዝናቡ የተነሳ ከቤት መውጣት ያልቻሉ አምስት ልጆች ስልክ ሳይነኩ ሦስት ሰዓት ሲቀመጡ ያየሁት በዚህ ጨዋታ ነው።

ታዲያ አንድ ማታ ከአንድ የተቆለፈ መጋዘን በር ደረሱ። የ12 ዓመቱ የወንድ ልጄ ልጅ የቁልፍ መፈልቀቂያ መሳሪያ በጨዋታው ገንዘብ ገዝቷል። (ጎረቤቴ «ሌብነት ነው እንዴ የሚማሩት?» ብላኛለች፤ መጋዘኑ የክፉ ሰው ነው ብያት አልፌያለሁ።) በወረቀቱም ላይ «የእጅ ቅልጥፍና» የሚል ሙያ ተጽፎለታል። ስለዚህ ዳይሱን ጥዬ ነጥቤን ልጨምር አለ። መሪዋ የአክስቱ ልጅ ግን «በመሳሪያው አልሠለጠንክም፤ ቁልፉን መሞከርም አትችልም። መጽሐፉ እንደዚያ ይላል» አለችው።

ልጁ ዝም አለ። በማግስቱ ማታ ወደ ጠረጴዛው አልመጣም፤ በሦስተኛውም ቀን አልመጣም። ነገሩ የበሩ ጉዳይ አልነበረም። መጽሐፉ እንግሊዝኛ ነው፣ እሷ ታነበዋለች፣ እሱ ገና እየተንገዳገደ ነው። «መጽሐፉ ይላል» በተባለ ቁጥር የሚሸነፈው እሱ ነው። ለሦስት ሳምንት የመጡ ዘመዳሞች እንዲህ ተኳርፈው ሊለያዩ ነው ብዬ ሰጋሁ።

«አባባ ይፍረድ» ሲሉኝ አልፈርድም አልኩ። ገጹ ድምፅ ተሰጥቶት ይነበብ፣ ከዚያ ለሁሉም በአማርኛ ይነገር ብቻ አልኳቸው። ልጅቷ በቅንነት አነበበች። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው የእሷ መጽሐፍ ስለ ቁልፍ በሚናገርበት ቦታ፣ በመሳሪያው የሠለጠነ ሰው ሊከፍተው ይችላል ይላል። ያልሠለጠነውስ? ዝም። ስለ መሳሪያዎች በሚያወራው ገጽ ደግሞ፣ ሥልጠናው የሚሰጥህ ነጥብ መጨመርን ነው ይላል፤ ይህ ያልሠለጠነውም ያለ ነጥብ መሞከር ይችላል የሚል ያስመስላል። መሳሪያውንም ሙያውንም የያዘ ሰው ምን ያገኛል ለሚለውም ነጥቡ ሁለቴ አይደመርም ከማለት በቀር ዋናው መጽሐፍ መልስ የለውም። «መጽሐፉ ይላል» የተባለው ለካ መጽሐፉ ያላለው ነበር።

ክርክሩ ከልጆቹ ዕድሜ ይበልጣል። በ1974ቱ ጨዋታ ሌባ የሚባል ሚና አልነበረም፤ በሚቀጥለው ዓመት በወጣ ተጨማሪ መጽሐፍ መጣና ቁልፍ የመክፈት ዕድሉ በመቶኛ ተጻፈለት። ያኔ ጥያቄው ተነሣ፤ ሌባው ይችላል ተብሎ ከተጻፈ ሌላው አይችልም ማለት ነው? በ2017 የወጣ ተጨማሪ መጽሐፍ፣ መሳሪያውንም ሙያውንም የሠለጠነ ሰው ዳይሱን ሁለት ጊዜ ጥሎ የተሻለውን እንዲወስድ ሐሳብ አቀረበ፤ የ2024ቱ አዲስ እትም ይህንኑ ዋናው መጽሐፍ ውስጥ አስገባው። በዚሁ እትም ቁልፍ መፈልቀቅ ከእጅ ቅልጥፍና ጋር ተያይዟል። የሐዋሳው ልጅ አሥር ዓመት ቀድሞ ትክክል ነበር ማለት ነው። ይህን ስነግረው የሳቀውን ሳቅ አልረሳውም።

እኔ ጡረታ እስክወጣ እንጨት ሥራ አስተምሬያለሁ፤ ስለዚህ የዳይሱ መላ ደስ አሰኝቶኛል። ጥሩ መሮ ባልሠለጠነ እጅ ጣት ይቆርጣል፤ ጥሩ አናጺም መላጊያ ከሌለው ሳንቃውን አያለሰልስም። ሁለቱ ሲገናኙ ሰውየው ከአቅሙ በላይ አይሆንም፤ የሚያበላሸው ቀን ግን ያንሳል። ዳይስ ሁለቴ መጣልም እንዲሁ ነው፤ ትልቁ ቁጥር ያው 20 ነው፣ መጥፎው ቁጥር ግን ቶሎ ቶሎ አይመጣም።

ስዊዘርላንዳዊው ዣን ፒያዤ እ.ኤ.አ. በ1932 ባሳተመው መጽሐፍ ብይ የሚጫወቱ ልጆችን አጥንቶ ነበር። የማያውቅ መስሎ «ሕጉን አስተምሩኝ» ይላቸዋል። ትንንሾቹ ሕጉ ከታላላቆች የወረደ፣ የማይለወጥ ነው ብለው ያምኑ ነበር፤ ሲጫወቱ ግን እያንዳንዱ በራሱ መንገድ ነው። ወደ አሥርና አሥራ አንድ ዓመት ሲጠጉ፣ ሁሉም ከተስማማ ሕግ ሊለወጥ እንደሚችል ይገባቸዋል። እኔም ዘዴውን ሞክሬዋለሁ። ልጆች ሲጣሉ ከመዳኘት ይልቅ «እስቲ አስተምሩኝ» ብሎ መቀመጥ ይሻላል፤ ሲያስረዱ የጎደለውን ራሳቸው ያገኙታል።

የኛዎቹም አገኙት። በአንድ ደብተር ጻፉ፤ መሳሪያ ያለው ሳይሠለጥንም ይሞክራል፣ ነጥብ ግን የለውም፤ ሁለቱም ያለው ሁለቴ ይጥላል። የመሪው ውሳኔ ለዚያ ማታ ይጸናል፤ ክርክሩ ከእራት በኋላ ነው። መሪነቱም በየማታው ይዞራል። በሩ ተከፈተ፤ መጋዘኑ ውስጥ ምን እንደነበረ አልነገሩኝም።

እንግዶቹ ከነመጽሐፋቸው ሄደዋል። እዚህ የቀሩት ሦስቱ በደብተሩ ብቻ ይጫወታሉ። መጋዘኑ ቀርቶ ተረቱ ሐይቁ ላይ ሆኗል፤ ሰዎቹ የአሞራ ገደል ዓሣ አስጋሪዎች ናቸው፣ መሳሪያውም መረብ። ሰሞኑን የያዙት ክርክር ታንኳ መሳሪያ ነው ወይስ አይደለም የሚል ነው። የአሜሪካኖቹ መጽሐፍ ጀልባ መንዳትን ከመሳሪያ ሙያ ጋር መድቦታል ብል አልተቀበሉኝም፤ የራሳቸውን ሊጽፉ ነው። ዛሬ ማታ መሪዋ የዘጠኝ ዓመቷ ናት።