«ሳንክሽን» ፈቃድ ነው ወይስ ቅጣት?

ተማሪውንም ወጣቱንም የመንግሥት ሠራተኛ እኩል ከሚያሳስቱት የእንግሊዝኛ ቃላት አንዱ «ሳንክሽን» የሚባለው ነው። በሐዋሳ፣ በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ የሚሠራ አንድ ጸሐፊ «የዕረፍት ጥያቄህ ሳንክሽንድ ሆኗል» የሚል የእንግሊዝኛ ደብዳቤ ቢደርሰው ደስ ሊለው ይገባል፤ ጥያቄው ጸድቋል ማለት ነውና። በዚያው ቀን ጋዜጣ ገልጦ አንድ ባንክ «ሳንክሽንድ» መሆኑን ቢያነብ ግን ባንኩ ተቀጥቷል ማለት ነው።

እርስ በርሱ የሚጣላ ትርጉም ከወዴት መጣ? ሥሩ ላቲን ነው፤ አንድን ነገር ቅዱስና የማይጣስ አድርጎ መደንገግን ያመለክታል። ድንጋጌ ደግሞ አንዱን ሲፈቅድ ሌላውን ይቀጣል። የእኛ «ማዕቀብ» ከግእዙ «ዐቀበ»፣ ማለትም ጠበቀ ከሚለው የተገኘ ስለሆነ የዐቃቤ ሕግ ዘመድ ነው፤ ነገር ግን ፈቃድ የሚለውን ትርጉም አይሸከምም። በብዙ ቁጥር «ሳንክሽንስ» ሲባል አብዛኛውን ጊዜ ቅጣት ነው፤ በነጠላ ሆኖ «በእገሌ ሳንክሽን» በሚል አገባብ ሲመጣ ፈቃድ ነው። ግሡ ግን አያስተማምንም፤ ዐረፍተ ነገሩን እስከ መጨረሻው ማንበብ ነው።

ቃሉ ለኢትዮጵያ የመዝገበ ቃላት ጉዳይ ብቻ ሆኖ አያውቅም። ኢጣልያ በወረረችን ጊዜ የመንግሥታት ማኅበር ከኅዳር 8 ቀን 1928 ዓ.ም. ጀምሮ ሳንክሽን ጣለባት፤ ሆኖም ነዳጅ ዘይት አልተከለከለም፣ የስዊዝ ቦይም አልተዘጋም። ቅጣቱ በሐምሌ ወር በዚያው ዓመት ተነሣ። እንግሊዝኛ ዐዋቂ የሆነ ሰው ሳንክሽኑን ማንሣት ወረራውን ሳንክሽን ማድረግ ነው ቢል ሁለቱንም ትርጉም በአንድ ዐረፍተ ነገር በትክክል ተጠቀመባቸው እንላለን።

ወደ ሐዋሳ እንመለስ። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ ብዙ ተስፋ የጣለው በአጎዋ ላይ ነበር፤ ይኸውም በ1992 ዓ.ም. የወጣ፣ የአፍሪካ ልብስ ያለ ቀረጥ አሜሪካ እንዲገባ ያስቻለ ሕግ ነው። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ፒ.ቪ.ኤች. የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በፓርኩ የነበረውን ፋብሪካ እንደሚዘጋ አስታወቀ፤ ታኅሣሥ 23 ቀን ደግሞ ኢትዮጵያ ከአጎዋ ወጣች። ብዙ ሰው ይህን «ማዕቀብ» ብሎ ጠራው።

ሥራዋን ላጣችው ሰፊ የቃሉ ልዩነት እንጀራ አይሆናትም። ደብዳቤ ለሚያረቅቀው ሹም ግን ልዩነቱ ትልቅ ነው። መስከረም 7 ቀን 2014 ዓ.ም. የአሜሪካ ፕሬዚዳንት በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት ያወጡት ትእዛዝ በሰዎችና በድርጅቶች ላይ ሳንክሽን የሚያስጥል ነበር። የአጎዋ መቅረት ግን የተሰጠ ልዩ መብት መነሣት ነው። የንግድ ማዕቀብ ቢሆን ኖሮ የሐዋሳ ሸሚዝ አሜሪካ መግባቱ በሕግ ይከለከል ነበር፤ አሁን ግን ሸሚዙ አልተከለከለም፤ ቀረጥ ተጨመረበት እንጂ። መብቱም የሚመለሰው ይግባኝ በማለት ሳይሆን፣ አሜሪካ በየዓመቱ በምታደርገው የብቁነት ምርመራ በማለፍ ነው።