ሳቀ ማለት ዳነ ማለት አይደለም

በዚህ ሰሌዳ ላይ ስለ ወባና ስለ ንጹሕ ውሃ ብዙ ጊዜ ተጽፏል። ዛሬ ደግሞ ትኩሳት ስለሌለውና ቁስሉ ለዓይን ስለማይታይ አንድ በሽታ፣ ይኸውም ስለ ድባቴ ጥቂት ለማለት አስበናል። የምንጽፈው ግን ስለ አጀማመሩ ሳይሆን፣ ሕመምተኛው «ተሻለው» ከተባለ በኋላ ስላሉት ወራት ነው።

ይህን ርእስ ያለ ምክንያት አልመረጥነውም። ባለፈው ዓመት በመኝታ ክፍላችን አንድ ጓደኛችን ታሞ ነበር። (ስሙን አንጠራም። ጽሑፉን ግን ከመለጠፋችን በፊት አንብቦ «ይሁን፣ ለጥፉት» ብሎናል።) እንቅልፍ አጣ፣ ምግብ ጠላ፣ ደብተሩን ገልጦ አንድ ገጽ ላይ አፍጥጦ ይውል ጀመር። ከሁለት ሳምንት በላይ እንዲህ ሲቆይብን ጤና ጣቢያ ወሰድነው። ኪኒን ታዘዘለት፣ ቀጠሮም ተሰጠው። በሁለተኛው ወር ገደማ ኳስ ሜዳ ወረደ፤ ሳቀም። እኛም ደስ ብሎን «አሁን እኮ ድነሃል፣ ኪኒኑ ምን ያደርግልሃል?» አልነው። ለማስተማር ልምምድ ወደ ገጠር ሲሄድ መድኃኒቱን ትቶ ሄደ። ወር ሳይሞላው ያው በሽታ ከፊተኛው ጸንቶ ተመለሰበት። ጥፋቱ የእሱ ብቻ አልነበረም፤ የእኛ ምክር ነበረበት።

ታዲያ የተሳሳትነው ምን ላይ ነው? የድባቴ መድኃኒት እንደ ራስ ምታት ኪኒን ውጠውት ወዲያው የሚያሽር አይደለም። በአገራችን ከሚታዘዙት መካከል ፍሉኦክሰቲንና አሚትሪፕቲሊን ይገኙበታል። ጥቅማቸው በደንብ የሚታየው ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ቆይቶ ነው። ማቅለሽለሹ፣ የአፍ መድረቁና መጫጫኑ ግን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሊመጣ ይችላል። ከዚህም የተነሣ ብዙ ሰው «ጭራሽ አሳመመኝ» ብሎ ገና ሳይጠቅመው ያቆማል። ይህ አንደኛው ገደል ነው።

ሁለተኛው ገደል እኛ ጓደኛችንን የከተትንበት ነው። አጥንቱ የተሰበረ ሰው ሕመሙ ስለቀነሰለት ብቻ ጀሶውን አውልቆ አይጥልም። ድባቴም እንደዚሁ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ፣ ምልክቶቹ ከጠፉ በኋላ መድኃኒቱ ከ9 እስከ 12 ወር እንዲቀጥል፣ ማቆሚያው ሲደርስም ባለሙያ እያየው ቢያንስ በ4 ሳምንት ቀስ በቀስ እየተቀነሰ እንዲቆም ይመክራል። አንድ ጊዜ በድባቴ ከታመሙት ሰዎች ግማሽ ያህሉ በሌላ ጊዜ ደግሞ ይታመማሉ። ክትትል የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። እርግጥ ሕመሙ ቀላል ሲሆን ያለ መድኃኒት፣ ከባለሙያ ጋር በመነጋገር ብቻ የሚድን አለ። ቀጠሮ አክብሮ መመላለሱ ግን ለሁሉም ነው።

ቀድሞ ለእንዲህ ያለ ሕመም የሚታወቀው ቦታ አዲስ አበባ ያለው አማኑኤል ሆስፒታል ነበር። ከሩቅ አገር ተነሥቶ በየወሩ እዚያ መመላለስ ለድሀ የሚቻል አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በጉራጌ ምድር በሶዶ ወረዳ በተደረገው ሥራ፣ የጤና ጣቢያ ነርሶችና ጤና መኮንኖች ሠልጥነው የአእምሮ ሕመምተኞችን በአቅራቢያቸው እንዲያክሙና እንዲከታተሉ ተደርጓል። ቁም ነገሩ ክትትል ከሕመምተኛው ደጅ በቀረበ ቁጥር የሚያቋርጠው ሰው ማነሱ ነው።

እኛ ጓደኞች፣ ነገም የሥራ ባልደረቦች የምንሆን ምን እናድርግ? ከስህተታችን የተማርነው ይህን ነው።

አንደኛ፣ ቀጠሮውን አብረን እንያዝ። የጓደኛችን የቀጠሮ ቀን አሁን ከአልጋው ራስጌ ተጽፎ ተለጥፏል፤ ተራ ገብተን እንሸኘዋለን።

ሁለተኛ፣ «በርታ እንጂ፣ ወንድ አይደለህ!» ማለትን እንተው። ድባቴ ስንፍና አይደለም። ከዚያ ይልቅ «ና እስከ በሩ ደርሰን እንመለስ» ማለት ይሻላል። ትንሽ መንቀሳቀስ፣ በሰዓቱ መተኛትና ከሰው ጋር መብላት ይረዳል። መጠጥና ጫት ግን እንቅልፍን እያዛቡ ሕመሙን ይቀሰቅሳሉ። ጸበል የሚሄድም ይሂድ፤ መድኃኒቱን ግን አያቋርጥ።

ሦስተኛ፣ የመመለሻውን ምልክት አስቀድመን እንወቅ። ለእያንዳንዱ ሰው የየራሱ ነው። ጓደኛችን «ቁርስ ከተውኩ ጠይቁኝ» ብሎናል። ስለዚህ ቁርስ ቤት ካልታየ ዝም አንልም።

አራተኛ፣ ሕመምተኛው «መኖር ሰለቸኝ» ካለ እንደ ቀልድ አንለፈው። ስለ ራስ ማጥፋት በግልጽ መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባበትም፤ እንዲያውም ይቀልለዋል። ብቻውን ሳንተወው፣ ኪኒንና የተባይ መርዝ ከአጠገቡ አርቀን፣ ያኑለት ወደ ሕክምና እንውሰደው።

በመጨረሻም አንድ ነገር እናሳስባለን። በቅርቡ ተመርቀን በየወረዳው እንበተናለን። መድኃኒት ላይ ያለ ሰው ከመንገዱ በፊት ወደ ጤና ጣቢያው ሄዶ «የምመደበው እዚህ ቦታ ነው» ይበል፤ የማስተላለፊያ ወረቀትና የሚያደርሰውን ያህል ኪኒን ይቀበል። ጓደኛችን ለልምምድ ሲሄድ ይህን የነገረው ሰው አልነበረም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እኛ ደግሞ ማዳመጥ ስንችል ሰው በሽታውን አይደብቀንም እንላለን።

ጓደኛችን ዛሬ በአምስተኛው ወሩ ላይ ነው። ይስቃል። ኪኒኑንም ይውጣል።