በአምስት ኪሎና በያሬድ መካከል

በየካ ክፍለ ከተማ፣ ኮተቤም ይሁን ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ከትምህርት ቤት መልስ ኮምፒውተር ላይ ቢት ሲሠራ የሚያመሽ ተማሪ ብዙ ነው። ይህ ልጅ የ12ኛ ክፍልን ፈተና አልፎ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ «ዲፓርትመንት ምረጥ» ሲባል ይቸገራል። ሊሠራ የሚፈልገው ነገር ግማሹ ሙዚቃ፣ ግማሹ ምህንድስና ነው፤ የምርጫው ቅጽ ደግሞ ሁለቱን ለየብቻ ነው የሚያውቃቸው። ቤተሰብም ሙዚቃ ሲባል የሚታየው መድረክ ላይ የቆመው ድምፃዊ ስለሆነ «ከዚያስ ምን ልትበላ ነው?» ይላል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልስም አለው።

አንድ አልበም አንሥቶ ከዘፋኙ ስም በታች ያለውን ላነበበ ሰው ቅንብር፣ ቀረጻ፣ ሚክሲንግ፣ ማስተሪንግ የሚሉ የሥራ ድርሻዎች ይታዩታል። ከስቱዲዮ ውጭ በሠርግና በኮንሰርት ሳውንድ ሲስተም የሚያስተካክል፣ በሬዲዮ ጣቢያ ድምፅ የሚቆጣጠር፣ ለፊልም ድምፅ የሚሠራ ባለሙያ አለ። ከሁሉም ጀርባ ደግሞ ኪቦርዱንና ሶፍትዌሩን የፈለሰፉ ሰዎች አሉ። ዲፓርትመንት ለሚመርጥ ተማሪ የእነዚህን ሰዎች የትምህርት መንገድ መመልከት ብዙ ይጠቅመዋል።

ዛሬ ስቱዲዮዎች የዘፋኝን ድምፅ ከፍታ ለማስተካከል የሚጠቀሙበትን አውቶቲውን የፈጠረው አሜሪካዊው አንዲ ሂልደብራንድ ለነዳጅ ፍለጋ የሚሠራ መሐንዲስ ነበር። ሥራው ወደ መሬት የተላከ የድምፅ ሞገድ ከዓለቱ ተጋጭቶ ሲመለስ በስሌት መርምሮ ከሥር ያለውን መገመት ነው። በልጅነቱ ፍሉት ይጫወት ስለነበር ከዓመታት በኋላ የነዳጁን ሥራ ትቶ የሙዚቃ ድርሰት ሊማር ዩኒቨርሲቲ ገባ። የከርሰ ምድሩ ስሌት የዘፋኝን ድምፅ ከፍታም ለማወቅ እንደሚያገለግል ያየው እሱ ነው፤ አውቶቲውን በ1997 እ.ኤ.አ. ለገበያ ቀረበ። በስሙ የሚጠራውን ሲንተሳይዘር የሠራው ሮበርት ሙግም ፊዚክስና የኤሌክትሪክ ምህንድስና የተማረ ሰው ነበር።

ጆን ቻውኒንግ የመጣው ከሌላው አቅጣጫ ነው። የተማረው የሙዚቃ ድርሰት ሲሆን ኮምፒውተርን የያዘው ኋላ ነው። በ1967 እ.ኤ.አ. በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ አንዱን ሞገድ በሌላው በፍጥነት በማወዛወዝ የደወልና የናስ መሣሪያ የሚመስል ድምፅ ማውጣት እንደሚቻል አገኘ። ያማሃ ኩባንያ ግኝቱን የመጠቀም ፈቃድ ወስዶ በ1983 እ.ኤ.አ. ዲኤክስ 7 የተባለውን ኪቦርድ ሠራበት። የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ በ1985 እ.ኤ.አ. ዋሽንግተን ውስጥ አኮርዲዮኑን አንሥቶ ብቻውን አልበም ሲቀርጽ አጠገቡ ካስቀመጣቸው መሣሪያዎች አንዱ ይኸው ዲኤክስ 7 ነበር። የአንድ የሙዚቃ ደራሲ የቤተ ሙከራ ሥራ እንዲህ ዞሮ የእኛን ዜማ ተሸከመ።

ከእኛ ሰዎች ሙላቱ አስታጥቄ የሁለቱን መንገዶች መገናኛ በሕይወቱ ያሳየ ነው። ወደ ዌልስ የተላከው ምህንድስና እንዲማር ነበር፤ እዚያ ሙዚቃ ሳበውና ለንደን፣ ቀጥሎም ቦስተን በርክሊ የሙዚቃ ኮሌጅ ድረስ ሄደ። ከአርባ ዓመት በላይ ቆይቶ በሃርቫርድ ተመራማሪ ሳለ፣ ክራርን ለማዘመን ከኤምአይቲ ባለሙያዎች ጋር ሠራ። ኤልያስ መልካ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ቼሎ ተምሮ፣ በቤገና ስቱዲዮው የአንድን ትውልድ ዘፈን አቀናበረ። በ2012 ዓ.ም. መስከረም ከማረፉ ጥቂት ወራት በፊት ከሙያ ባልደረቦቹ ጋር አውታር የተባለውን የሙዚቃ መሸጫ መተግበሪያ ሥራ አስጀምሯል። ይህ ሥራ ዘፋኝና አቀናባሪ የልፋታቸውን ዋጋ የሚያገኙበትን መንገድ መክፈት ነው፤ ሙዚቀኛና የሶፍትዌር ባለሙያ አንድ ጠረጴዛ ላይ ካልተቀመጡ አይሳካም።

ለኢትዮጵያዊ ተማሪ ነገሩን ከሁሉ በላይ አስቸኳይ የሚያደርገው ግን ቅኝት ነው። ፒያኖና ኪቦርድ አንዱን ኦክታቭ በ12 እኩል ክፍሎች ይከፍላሉ። ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺሆዬን በክራር የሚቃኝ ሰው ግን ክሩን የሚያጠብቀው በጆሮው ነው፤ በተለይ በአንቺሆዬ ድምፁ ብዙ ጊዜ በሁለት ቁልፎች መካከል ያርፋል። አውቶቲውን በኪቦርዱ ልክ አስተካክሎ እንዲህ ያለ ዜማ ላይ የጫነ ሰው፣ ፕሮግራሙ ያንን ድምፅ እንደ ስሕተት ቆጥሮ ወደ ቅርቡ ቁልፍ ይጎትትበታል። ዘፈኑ «ጸዳ» ይባላል፤ አንቺሆዬነቱ ግን ቀንሷል። የበገና ነገርም ተመሳሳይ ነው። በክሩ ሥር የሚገባው የቆዳ ቁራጭ የሚያወጣው ዝዝታ የመሣሪያው ነፍስ ሲሆን፣ ሁከት ለመቀነስ የተሠራ ሶፍትዌር እንደ ሁከት ሊያየው ይችላል። ፕሮግራሞቹን የጻፉ ሰዎች በገና ሰምተው ስለማያውቁ ልንወቅሳቸው አንችልም። በገናን የሚያውቅ ሰው ፕሮግራም መጻፍ አለበት።

ለዚህ የሚያስፈልገው ዕውቀት ከየካ ሩቅ አይደለም። በሲዲ ላይ ድምፅ በሰከንድ 44,100 ጊዜ እየተለካ ወደ ቁጥር ይለወጣል፤ ይህን ያህል ጊዜ የሆነው ሰው የሚሰማው እስከ 20,000 ኸርዝ ገደማ ስለሆነና ለመለካት ከዚያ እጥፍ በላይ ስለሚያስፈልግ ነው። እንጦጦ ላይ ያለው የመሬት ጣቢያ፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ወደ ሕዋ ከተላከችው የኢትዮጵያ የመጀመሪያ ሳተላይት መረጃ ለመቀበል ያገለገለው በዚሁ የሲግናል ሒሳብ ነው። ፊዚክሱም በዚያው ተራራ አለ። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ዋሽንት ሲነፋ ድምፁ ቢወርድ ብዙ ሰው አየሩ ስለሳሳ ይመስለዋል። የአየሩ መሳሳት እዚህ ላይ ይህን ያህል ሚና የለውም፤ ዋናው ብርዱ ነው። ድምፅ በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ በሰከንድ ወደ 343 ሜትር፣ በ10 ዲግሪ ወደ 337 ሜትር ይጓዛል። የነፊው ትንፋሽ ካላሞቀው በቀር ልዩነቱ በሁለት ተከታታይ የፒያኖ ቁልፎች መካከል ካለው ርቀት ሲሶውን ያህላል፤ ከኪቦርድ ጋር ለሚጫወት ሰው በደንብ ይሰማል።

እንግዲህ የቱ ይመረጥ? በእኔ እምነት በዲግሪ መያዝ ያለበት ተማሪው ብቻውን ሊማረው የማይችለው ነው። ሶፍትዌሩን፣ የቢት አሠራሩን፣ የማይክሮፎን አቀማመጡን ቤቱ ሆኖና ስቱዲዮ እየተመላለሰ ይደርስበታል። የካልኩለስና የሲግናል ትምህርት ግን ያለ መምህርና ያለ ፈተና ጫና የሚዘልቅ ሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ ጆሮው የተገራ፣ ክራርም ሆነ ፒያኖ ሲጫወት ያደገ ልጅ ሒሳብ የማይጠላ ከሆነ አምስት ኪሎ ወዳለው የምህንድስና ግቢ ሄዶ ኤሌክትሪካልና ኮምፒውተር ምህንድስና ቢማር እመርጣለሁ። የኮምፒውተር ሳይንስም ጥሩ ነው፤ ከቤቱ መራቅ ለማይፈልግ የየካ ልጅ በኮተቤ ትምህርት ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ወይም ሒሳብ መማርም መሠረት ይጥላል። ሒሳብ የማያስቸግረው፣ ነገር ግን መሣሪያ ይዞ የማያውቅ ልጅ ደግሞ ያሬድን ያስብ። እዚያ ለመግባት የሙዚቃ ችሎታ ስለሚፈተን፣ ከዓመት በፊት አስተማሪ ይዞ መለማመድ አለበት። ጆሮ ዘግይቶ ሲገራ ያስቸግራልና ይህ መንገድ ቶሎ ቢጀመር ይሻላል። ሒሳብን የሚጠላ ልጅ ግን ለቤተሰብ ደስታ ሲል ምህንድስና አይግባ፤ አምስት ዓመት ያለ ፍቅር የሚገፋ ጊዜ አይደለም።

አምስት ኪሎና ያሬድ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ሥር መሆናቸው ለመመረቂያ ፕሮጀክት ትልቅ ዕድል ነው። አንድ የምህንድስና ተማሪና አንድ የክራር ተማሪ ተጣምረው የተለያዩ ተጫዋቾች አንቺሆዬን ሲቃኙ ቢቀርጹ፣ የእያንዳንዱን ክር ድግግሞሽ በኸርዝ ቢለኩ፣ ተጫዋቾቹ የት ላይ እንደሚስማሙና የት ላይ እንደሚለያዩ ቢያወጡ፣ ከልኬቱ የቅኝት ፋይል መሥራት ይቻላል። ብዙ የሶፍትዌር ሲንተሳይዘሮች እንዲህ ያለ ፋይል ይቀበላሉ፤ ለሥራውም አንድ ጥሩ ማይክሮፎን፣ አንድ ላፕቶፕና ጸጥ ያለ ክፍል ይበቃል።