ከፍታ ደም ያወፍራል?

ጎህ ሳይቀድ ከኮተቤ ተነሥተው እንጦጦ የሚወጡ ሯጮች በባሕር ዛፉ መካከል በአንድ መስመር፣ የኋለኛው የፊተኛውን እግር እየተከተለ፣ ወዲያና ወዲህ እየተጠማዘዙ ይሮጣሉ። እዚያ ድረስ የሚወስዳቸው የከፍታው አየር ነው። አየሩ ግን ሰውነትን ምን ያደርገዋል?

የእንጦጦ ጫፍ ከባሕር ጠለል በላይ 3,200 ሜትር ግድም ነው። በዚያ ከፍታም የኦክስጅን ድርሻ ያው 21 በመቶ ነው፤ የሚቀንሰው የአየሩ ግፊት ነው። ስለዚህ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን በባሕር ጠለል ከሚገኘው በአንድ ሦስተኛ ገደማ ያንሳል። ከቆላ የመጣ ሰው እዚያ ሲሰነብት ኩላሊቱ ኤሪትሮፖይቲን የተባለ ሆርሞን አብዝቶ ያመነጫል፤ መቅኔውም በትእዛዙ ቀይ የደም ሕዋሳትን ያበዛል። ኦክስጅን ተሸካሚው ሄሞግሎቢን ሲጨምር ደሙ ይወፍራል። በደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች ተወልደው የሚያድጉ ሰዎችም ደማቸው ወፍራም ነው።

የእኛስ ደገኛ? አንትሮፖሎጂስቷ ሲንቲያ ቤልና ባልደረቦቿ በሰሜን ተራሮች፣ 3,530 ሜትር ከፍታ ላይ ባለችው አምባራስ የሚኖሩ 236 ሰዎችን መርምረው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2002 አሳተሙ። የወንዶቹ ሄሞግሎቢን በዴሲ ሊትር በአማካይ 15.9 ግራም ነበር፤ ባሕር ጠለል ላይ ከሚኖር ወንድ እምብዛም አይለይም። የቲቤት ሰዎችም ደማቸው ያን ያህል አይወፍርም፤ ነገር ግን በደማቸው የሚገኘው ኦክስጅን ዝቅተኛ ነው። የአምባራስ ሰዎች ሄሞግሎቢን ግን 95.3 በመቶው ኦክስጅን ተሸክሞ ተገኘ። ደሙ ሳይወፍር ኦክስጅኑም ሳይጎድል መኖር ይቻላል ማለት ነው።

«የኢትዮጵያ ደገኛ ደም» የሚባል አንድ ነገር አለ ብሎ መደምደም ግን ያሳስታል። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ጥናት ከፍታ ላይ የሚኖሩ ኦሮሞዎች ሄሞግሎቢን ከአማራ ደገኞች ከፍ ብሎ መገኘቱን አሳይቷል። ከአጥኚዎቹ ማብራሪያዎች አንዱ በደጋ የኖሩበት ዘመን ርዝመት ልዩነት ነው።

ሯጮቹ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ፣ ደራርቱ ቱሉና ቀነኒሳ በቀለ ደግሞ የአርሲ ልጆች ናቸው፤ የአምባራስ ውጤት የእነሱን ስኬት አያብራራም። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ የአትሌቶች ጥናት ብዙዎቹ የማራቶን ሯጮች ከአርሲና ከሸዋ እንደወጡ፣ በልጅነታቸውም ትምህርት ቤት በሩጫ ይመላለሱ እንደነበር አግኝቷል። ከፍታ ብቻውን ሯጭ የሚያወጣ ቢሆን ኖሮ ሜዳልያው ሁሉ ሰሜን ተራሮችና ቲቤት በቀረ ነበር።