አሮጌ ሞተር ዘይት ሲበላ፦ ሞተሩን ከማውረዳችሁ በፊት

የዛሬው ትምህርታችን ዘይት እየበላ ስለሚያስቸግር አሮጌ ሞተር ነው።

ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦር፣ በንፋስ መውጫና በጋሸና አድርጎ ወልድያ የሚደርሰውን፣ ቻይናዎች የሠሩትን መንገድ ታውቁታላችሁ። ወረታ ከባሕር ወለል በላይ በ1,800 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ንፋስ መውጫ ግን 3,000 ሜትር ገደማ ትደርሳለች። በዚህ ዳገትና ቁልቁለት ከሚመላለሱት ሚኒባሶች፣ አይሱዙዎችና ቅጥቅጦች ብዙዎቹ የቆዩ ናቸው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከፍ ያለ ታክስ ጥሏል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። እንግዲህ በእጅ ያለውን ሞተር ማቆየት ግድ ነው ማለት ነው።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። መኪናው ዘይት ሲያጎድል ብዙ ሰው ወዲያው «ፋሻ ጨርሷል፤ ሞተሩ ይውረድ» ይላል። ሞተር ማውረድ ደግሞ ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል። መኪናው ጋራዥ በቆመበት ሳምንት የቤተሰቡም ገቢ አብሮ ይቆማል። ታዲያ ሞተሩ ከተፈታ በኋላ ጥፋቱ የአንዲት ቱቦ መደፈን ሆኖ ቢገኝስ? ስለዚህ መጀመሪያ ለኩ፣ ጻፉ። ከዚያ ከርካሹ ወደ ውዱ እየመረመራችሁ ሂዱ።

አንደኛ፦ ምን ያህል እንደሚጎድል እወቁ። መኪናውን ሜዳ ላይ አቁሙ። ሞተሩን አጥፉና 10 ደቂቃ ጠብቁ። መለኪያውን ዘንግ አውጥታችሁ በጨርቅ ጥረጉት፤ መልሳችሁ ክተቱና እንደገና አውጥታችሁ እዩት። ዘይቱ በሁለቱ ምልክቶች መካከል መሆን አለበት። ዳገት ላይ ቆሞ የተለካ ዘይት ያታልላል። ከላይኛው ምልክት አሳልፎ መሙላትም አይጠቅምም፤ የተረፈው ዘይት እየተናጠ በመተንፈሻው በኩል ወጥቶ ይቃጠላል።

አሁን ደብተርና እርሳስ ያዙ። ለምሳሌ ቆጣሪው 212,400 ሲል ዘይቱ ሙሉ ነበር እንበል። 213,600 ላይ ግማሽ ሊትር፣ 214,800 ላይ ሌላ ግማሽ ሊትር ጨመራችሁ። በ2,400 ኪሎ ሜትር 1 ሊትር ሄደ ማለት ነው። ይህ ለአሮጌ ሞተር የሚያስደነግጥ አይደለም። ለትንንሽ መኪኖች በ1,000 ኪሎ ሜትር እስከ 1 ሊትር ድረስ የሚፈቅዱ ፋብሪካዎች አሉ። ቆጣሪው ካልሠራ ምልልሱን ቁጠሩ። ቁም ነገሩ መጠኑ ከወር ወደ ወር መጨመሩን ማወቅ ነው።

ሁለተኛ፦ ዘይቱ ፈሰሰ ወይስ ተቃጠለ? ማታ ከሞተሩ ሥር ንጹሕ ካርቶን አንጥፉ። ጧት ጠብታ ካያችሁ ፍሳሽ አለ። የቴስታታውን ክዳን ጓርኒሲዮን፣ የዘይት ማጣሪያውንና የማፍሰሻውን ቡሎን ተመልከቱ። ካርቶኑ ንጹሕ ቢሆንም ሞተሩን አጥባችሁ አንድ ቀን ንዱትና እንደገና እዩት፤ በጉዞ ላይ ብቻ የሚያፈስ አለና።

ሦስተኛ፦ ጭሱን አንብቡ። እዚህ ላይ የደጋ ሰው ይጠንቀቅ። በንፋስ መውጫ ከፍታ ያለው አየር በባሕር ጠረፍ ካለው ከ10 እጅ 7 እጅ ያህሉ ነው። ስለዚህ ናፍጣ መኪና ዳገት ሲወጣ ጥቁር ጭስ ቢያወጣ በደንብ ያልነደደ ነዳጅ እንጂ ዘይት አይደለም። ከጉና በኩል በሚመጣው ብርድ ጧት ጧት የሚታየውና ሞተሩ ሲሞቅ የሚጠፋው ነጭ ጭስም የውሃ እንፋሎት ነው። ዘይት ሲቃጠል ጭሱ ወደ ሰማያዊ ያደላል።

ሰማያዊው ጭስ መቼ ይወጣል? ከደብረ ታቦር ወደ ዓለም በር የሚወርድ የቤንዚን መኪና ቁልቁለቱን ጨርሶ ነዳጅ ሲረገጥ ቡፍ ካለ፣ ወይም አድሮ ጧት ሲነሣ ለጥቂት ጊዜ ካጨሰ፣ ጥርጣሬው በቫልቮቹ እግር ላይ ባሉት ትንንሽ ጎማዎች ነው። እነዚህን ለመለወጥ ሞተሩን ማውረድ አያስፈልግም። ዳገት ላይ በጭነት ጊዜ ሳያቋርጥ የሚያጨስ ከሆነ ግን ወደ ፋሻው ይጠቁማል። ቱርቦ ያለው ናፍጣ መኪና ከሆነ ከቱርቦው ወደ ሞተሩ የሚገባውን የአየር ቱቦ ፈትታችሁ እዩ፤ ውስጡ ዘይት ካቆረ ቱርቦው መመርመር አለበት።

አራተኛ፦ መተንፈሻውን አጽዱ። ከሞተሩ ሆድ እንፋሎት የሚያወጣው ቱቦ በጥቀርሻ ሲደፈን የታፈነው ግፊት ዘይቱን ባገኘው ቀዳዳ ሁሉ ይገፋዋል። አጽድቶ መግጠም ብዙ ወጪ የለውም። ካጸዳችሁ በኋላ እንደገና 1,000 ኪሎ ሜትር ነድታችሁ ደብተሩን አመሳክሩ።

አምስተኛ፦ ግፊቱን አስለኩ። ይህ የሁሉም መጨረሻ ነው። ካንዴላዎቹ ሲወጡ አንዱ ብቻ በዘይት ከረጠበ ችግሩ በዚያ ሲሊንደር ላይ ነው። ከዚያ መካኒኩ የእያንዳንዱን ሲሊንደር ግፊት ይለካል። በቤንዚን ሞተር፣ ዝቅ ባለው ሲሊንደር ውስጥ አንድ ማንኪያ ዘይት ጨምሮ ድጋሚ ሲለካ ግፊቱ ከፍ ካለ ጥፋቱ የፋሻ ነው፤ ካልተለወጠ የቫልቭ ወይም የቴስታታ ጓርኒሲዮን ይሆናል። ናፍጣ ሞተር ላይ ግን ይህን የዘይት ሙከራ አታድርጉ፤ ጉዳት ያመጣል።

ይህችን ደግሞ አትርሱ። በመጽሐፍ የተጻፈው የግፊት ቁጥር ለዝቅተኛ ቦታ የወጣ ነው። መጽሐፉ 12 የሚለው ደህና ሞተር ንፋስ መውጫ ላይ ሲለካ ከ8 እስከ 9 ቢያሳይ አየሩ ስስ ስለሆነ ነው። ይህን ያላስተዋለ ሰው ጤነኛ ሞተር አስወርዶ ገንዘቡን ይበትናል። ስለዚህ ሲሊንደሮቹን እርስ በርሳቸው አስተያዩ። አራቱም ከተቀራረቡ አትቸኩሉ፤ አንዱ ከሌሎቹ በጣም ከወረደ በሽታው ተገኘ።

እስከዚያው ዘይቱን እየተከታተላችሁ ሙሉ። የዘይት መብራት እስኪበራ አትጠብቁ። መብራቱ የሚበራው የዘይቱ ግፊት ሲወድቅ ነው፤ ያን ጊዜ ብሮንዚናው ሊበላ ጀምሯል። ከበራ ወዲያው ቆማችሁ ሞተሩን አጥፉ። ወፍራም ዘይት መጨመርም በሽታውን ይሸፍነው ይሆናል እንጂ አያድነውም። በደጋ ብርድ ጧት ወፍራም ዘይት ወደ ላይኛው ክፍል ለመድረስ ይዘገያል።

«በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» ይባላል። ጋራዥ ስትሄዱ ደብተሩን ይዛችሁ ሂዱና ለመካኒኩ አሳዩት። «ዘይት ይበላል» ከማለት ይልቅ «በዚህን ያህል ኪሎ ሜትር ይህን ያህል አጎደለ፤ ካርቶኑ ንጹሕ ነው፤ ቁልቁለት ጨርሶ ሲረገጥ ያጨሳል» ብትሉት ሥራው ይቀልለታል፤ የእናንተም ገንዘብ ይድናል።

በቡድን ተወያዩበት፦
1. በ1,800 ኪሎ ሜትር 3 ሊትር የበላ መኪና በ1,000 ኪሎ ሜትር ስንት ሊትር በላ?
2. ጥቁር፣ ነጭና ሰማያዊ ጭስ ምን ምን ያመለክታሉ?
3. ንፋስ መውጫ ላይ የሚለካ ግፊት ከመጽሐፉ ቁጥር ለምን ያንሳል?

በሚቀጥለው ትምህርት እስክንገናኝ ደኅና ሁኑ።